አሥራ ሰባተኛው ሥራ

የአዳራሹ ጠባቂ ስንጥቋን ያያት የጥበብና የባህል ወሩ ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ያውም መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር። ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ደረጃ በሚያልቅበት ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ ከጣሪያው ሥር ተነስታ እስከ ሰው ወገብ የምትወርድ ቀጭን መስመር። ከፀጉር አትወፍርም። ሌላ ሰው ቢሆን የሸረሪት ድር መስላው በመጥረጊያ ጫፍ ጠረግ አድርጎ ያልፋት ነበር። እሱ ግን ከመሰላሉ ወርዶ፣ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ አፍንጫው ግድግዳውን ሊነካ ምንም እስካይቀረው ተጠግቶ አያት።

ሰውየው የዚያን አዳራሽ ቁልፎች ወገቡ ላይ ካንጠለጠለ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲራመድ ስለሚንሿሿ የኮሌጁ ተማሪዎች «ጋሼ ሻኩራ» ይሉታል። ስሙን ይወደዋል፤ ፊት ለፊት ሲጠሩት ግን ለወጉ ያህል ኮስተር ይላል። ወጣት ሳለ ለአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ሲሚንቶ እያቦካ ያቀብል ነበር፤ ግንበኛው ስለ ስንጥቅ ሲያወራ ስለ ጎረቤት የሚያማ ይመስል ነበር። «የተኛ ስንጥቅ አለ፣ ያልተኛ ስንጥቅ አለ። የተኛውን ለስነህ እርሳው። ካልተኛው ሥር ግን ሰው አታስቀምጥ።» መተኛት አለመተኛቱን የሚለዩበት ዘዴም ነበራቸው። ስስ ወረቀት ስንጥቁ ላይ አግድም ይለጥፉና ቀኑን ጽፈው ይጠብቃሉ። ወረቀቱ ከተቀደደ ግድግዳው እየተራመደ ነው ማለት ነው።

ጋሼ ሻኩራም ሦስት ቁራጭ ወረቀት ቆረጠ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን መሐል፣ አንዱን ከታች ለጠፈ። በእርሳስ ቀኑን ጻፈባቸው። ሰባት ቁጥር ሲጽፍ ወገቧ ላይ ቀበቶ የማስታጠቅ ልማድ አለው፤ ያን ዕለትም አስታጠቃት። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄደ።

ዲኑ ጠረጴዛው ላይ የወሩን ዝግጅት የያዘ ትልቅ ፖስተር ዘርግቶ የፊደል ስህተት እየለቀመ ነበር። አንደኛው ሳምንት ሥዕል፣ ሁለተኛው ቴአትር፣ ሦስተኛው ውዝዋዜ፣ አራተኛው ሙዚቃ። በመዝጊያው ዕለት የኮሌጁ የኅብረ ዜማ ቡድን፣ አርባ ልጆች፣ ሰገነቱ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ።

«ዶክተር፣ ሰገነቱ መዘጋት አለበት።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ስንጥቅ አለው።»

«እኔም ቤት ስንጥቅ አለ፤ ይኸው እኔም ሚስቴም እስካሁን በሕይወት አለን።»

«የርስዎ ቤት አርባ ሰው አይዘፍንበትም።»

ዲኑ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር እንጂ። ስለ ወረቀቶቹ ሲነገረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጠ። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ» አለ። «ከሦስቱ አንዷ እንኳ ከተቀደደች ያምጡልኝ፤ በዚያው ሰዓት እዘጋዋለሁ። ካልተቀደደች ደግሞ፣ በመዝጊያው ዕለት ጠዋት ‘ሰገነቱ ደህና ነው’ ብለው ይፈርሙልኛል። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ጋሼ ሻኩራ ለዲኑ ያልነገረው አንድ ነገር ነበር፤ ለልጁ ብሎ ነው እንዳይባል። ከአርባዎቹ አንዷ የእሱው ልጅ ናት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ አንድ ለእናቷ። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከፊት፣ ከሰገነቱ አጥር ሥር ነው የምትቆመው፤ የመጨረሻውን ዜማ የምታወጣውም እሷ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናትና ቀሚሷን ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ፈታዋለች። ልጅቱ ያንን የመጨረሻ ዜማ ስትለማመድ ደግሞ ቤቱ አይበቃትም፤ ዜማው ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ ሦስት ጊዜ እግር የሚመቱበት ቦታ አለ። ከታች ፎቅ ያሉት ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን እየደበደቡ «ኧረ በፈጠራችሁ!» ይላሉ።

«ሚጣ፣ ቀስ በይ» ይላታል አባቷ።

«አባዬ፣ ሚጣ አትበለኝ አላልኩህም? በተለይ ጓደኞቼ ፊት። ቃል ገብተህልኛል።»

«ጓደኞችሽ የታሉ አሁን?»

«ከለመደብህ እዚያም ይወጣሃል።»

በማግሥቱ የሥዕል ተማሪዎቹ መጡ። ሥዕሎቻቸውን ከአዳራሹ መግቢያ ጀምረው በደረጃው ግራና ቀኝ ሰቀሉ፤ እያንዳንዱ ሥር ቁጥርና ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ለጠፉ። ጋሼ ሻኩራ ከምሳ ሲመለስ ደረጃው ላይ አናጢው ወዳጁን ሆዱን ይዞ ሲስቅ አገኘው።

«ምን አገኘህ?»

«ና እይ፣ ታላቁ ሠዓሊ!»

ከሦስቱ ወረቀቶች ሥር ካርድ ተለጥፏል፦ «17. ርዕስ የለውም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ግድግዳ። ሠዓሊው አልታወቀም።»

ተማሪዎቹ ከመካከላቸው አንዱ የሠራው መስሏቸዋል። የማን እንደሆነ ሲጠያየቁ ማንም የኔ ነው አላለም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ጥበብ አስመሰለው። እዚህ ላይ ጋሼ ሻኩራ ካርዱን ቦጭቆ ጥሎ «ልጆች፣ ይሄ ጥበብ አይደለም፣ የግድግዳ ቴርሞሜትር ነው» ማለት ነበረበት። ሊልም አስቦ ነበር። ግን በዚያው ቅጽበት አንዲት በደንብ የለበሱ ሴትዮ ደረጃውን ወጥተው ወረቀቶቹ ፊት ቆሙ፤ ቆዩም። ራሳቸውን ወዘወዙና «አቤት ብቸኝነት!» ብለው ተንፍሰው ወረዱ።

ሰውየው ካርዱን ሳይነካው ተወው። ሃያ ሁለት ዓመት እጁ የነካው ነገር ሁሉ በርና አምፖል፣ መጥረጊያና ባልዲ ነው፤ ለአንድ ወር ሠዓሊ ቢባል ምን ይጎዳል? ማታ ለልጁ ሲነግራት እሷም በሳቅ ሞተች፤ ለጓደኞቿም አወራች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን በውሃ አርሶ እያበጠረ መምጣት ጀመረ። አናጢው አልተወውም፦ «እንዴት አደርክ፣ ሠዓሊው ያልታወቀ!»

ወረቀቶቹን ግን አልረሳም። በየጠዋቱ መነጽሩን አድርጎ ያያቸዋል። የሥዕሉ ሳምንት አለቀ፤ ሥዕሎቹ ግን ወሩን ሙሉ እንደተሰቀሉ ይቆያሉና ወረቀቶቹም አልተነሱም፤ ሦስቱም ደህና። ቀኑ እንደተጻፈ፣ ሰባቷም እንደታጠቀች። ስንጥቋም ያችው ፀጉር።

በቴአትሩ ሳምንት ሰገነቱን ተመልካች ሞላው። ጋሼ ሻኩራ ከሰገነቱ ሥር ያሉትን ወንበሮች ሲጠርግ ነጭ ብናኝ አገኘ፤ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። በጨርቅ ጠረገው። በማግሥቱም ነበር። ሽቅብ አየ፤ ምንም አይታይም። ደረጃውን ወጥቶ ወረቀቶቹን አየ፤ ደህና ናቸው። «የቆየ ቀለም ነው» አለ ለራሱ።

በውዝዋዜው ሳምንት ከበሮ መቺዎቹን ሰገነቱ ላይ አደረጓቸው። በሁለተኛው ቀን የሰገነቱ በር እንቢ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣት የሚከፈት በር ወለሉን እየፋቀ በትከሻ የሚገፋ ሆነ። አናጢውን ጠራው። አናጢው በሩን ነቅሎ፣ የታችኛውን ጠርዝ ልጎ፣ መልሶ ገጠመው። በሦስተኛው ቀን በሩ እንደገና ፋቀ።

አናጢው ያን ዕለት አልቀለደም። ተንበርክኮ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳርፎ ቆየ።

«እንጨት እኮ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል» አለ ጋሼ ሻኩራ።

«የምን እርጥበት? ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?»

«ታዲያ ምንድነው?»

«በሩ አላበጠም፣ ወንድሜ። በሩ ባለበት ነው። ክፈፉ ነው የተጣመመው።»

ሁለቱም ዞረው ወረቀቶቹን አዩ። ሦስቱም ምንም አልሆኑም። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብለዋል።

«ይኸው» አለ ጋሼ ሻኩራ። ድምፁ ግን እንደልቡ አልወጣም። «ቢንቀሳቀስ ኖሮ ይቀደዱ ነበር።»

«እኔ የማውቀው እንጨት ነው» አለ አናጢው መጋዙን እየሰበሰበ። «ወረቀት አንተ ታውቃለህ።»

የሙዚቃው ሳምንት መጣ። ልጅቱ ከልምምድ ስትመለስ እራት ላይ ቁጭ ብላ፣ እያኘከች፣ «አባዬ፣ ሰገነቱ እኮ ከኛ ጋር ያዜማል» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኛ ስናቆም እሱ ትንሽ ይቀጥላል። እምምም ይላል፣ ከእግራችን ሥር። የሙዚቃ አስተማሪያችን የአዳራሹ ድምፅ ማስተጋባት ነው አለን። ደስ ይላል።»

አባትየው እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። ሌሊቱን አልተኛም፤ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ነበር። ወረቀቶቹ ደህና ናቸው። በጣቱ ዳሰሳቸው፤ ውጥር ብለዋል። ያመነው ነገር ዓይኑ ፊት ነው፤ የፈራው ነገር የት እንዳለ አያውቅም። ሰው ደግሞ ከማያየው ፍርሃት ይልቅ የሚያየውን ወረቀት ቢያምን አይፈረድበትም። የመዝጊያው ዕለት ጠዋት ወደ ዲኑ ቢሮ ሄዶ «ሰገነቱን መርምሬዋለሁ፤ ደህና ነው» ከሚለው ሥር ፈረመ። ዲኑ ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አላልኩዎትም?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ዲኑና የክብር እንግዶቹ፣ ልጆቹን ቀረብ ብለው እንዲሰሙ ተብሎ፣ ከሰገነቱ ሥር ተቀመጡ። አርባዎቹ ልጆች ደረጃውን ሲወጡ ጋሼ ሻኩራ በሩን በትከሻው ገፍቶ ያዘላቸው። ልጁ ስታልፍ ቀሚሷን አሳየችው፤ በዓይኗ ደግሞ «እንዳትጠራኝ» አለችው። አልጠራትም። የሙዚቃ አስተማሪው ከታች መድረኩ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። ፕሮግራሙ ላይ አምስት ዜማ አለ። አንደኛው ተጀመረ።

ሁለተኛው ሲያልቅ አንዲት ባለወፍራም መነጽር የሥዕል ተማሪ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። አውደ ርዕዩን የምታሰናዳው እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ነው የማን እንደሆነ የሰማሁት፤ ልጅዎ ለሁሉም አውርታለች። አሥራ ሰባት ቁጥር የርስዎ ነው አይደል?»

ጋሼ ሻኩራ አፍሮ ፈገግ አለ። «እንግዲህ... ብላችሁ ብላችሁ...»

«በደንብ ነው የያዝንልዎት፤ ሲያነሱት እንዳይከፋዎት ብዬ ልነግርዎት ነው። ሰው እየነካ አስቸገረን። ማታ ማታ ሰው ሲወጣ ተቀዶ ነው የማገኘው።»

ሦስተኛው ዜማ ተጀመረ። ለስለስ ያለ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«ግን ማንም እንዳያውቅ አድርጌ ነው የተካሁት። ወረቀቱን ሻይ ውስጥ ነክሬ አስረጀሁት። ጽሕፈትዎንም አስመሰልኩት፤ የሰባቷን ቀበቶ እንኳ አልረሳሁም!» ደስ ብሏት አየችው። «መስመሩ ደግሞ እየሰፋ መጥቶ ሥራውን ሊውጠው ሆነ። እሱንም በጀሶ ሞልቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ከላይ በእርሳስ ሣልኩት። ልክ እንደ በፊቱ ቀጭን አድርጌ።»

ጋሼ ሻኩራ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለአንድ ወር ያህል፣ በየጠዋቱ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ሲያየው የኖረው የስንጥቅ ሥዕል ነበር።

«ስንት ጊዜ ተካሽው?» ድምፁ የሌላ ሰው ሆነበት።

«መጀመሪያ በሦስት ቀን አንዴ ነበር። በውዝዋዜው ሳምንት በየቀኑ። ዛሬማ...» ልጅቱ ፈገግታዋን ልትጨርሰው አልቻለችም፤ ፊቱን አይታ ነበር። «ዛሬ ሁለቴ። ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

በጥፍሩ ጀሶውን ፋቀው። ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ልጣጭ ረገፈ። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ሌባ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ዋጠው። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል።

ሦስተኛው ዜማ አለቀ። ከታች ጭብጨባ ተነሳ፤ ጣቱ ግድግዳው ውስጥ እንዳለ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ተሰማው።

ከመጮህ በፊት አሰበ፤ በዚህ ሁልጊዜም ሊመሰገን ይገባዋል። ቢጮህ አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ በር ይሮጣል። አርባ ጥንድ እግር። የመጨረሻው ዜማ እግር ምት ከዚያ አይብስም። ሁለት ዜማ ቀርቷል።

«ውረጂ» አላት ባለመነጽሯን። «አትሩጪ። አናጢውን ከኋላ በር ታገኚዋለሽ። ከሰገነቱ ሥር ያለውን ሰው እንደምንም ያስነሳ በይው። እንደምንም! እንደተነሱም እንዳይመለሱ።»

ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ወለሉ ላይ፣ ጨርቅ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ አስቀመጣቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ድምፅ ሲራመድ ይህ የመጀመሪያው ነው። አራተኛው ዜማ ተጀመረ። በሩን ገፍቶ አንገቱን አስገባና ከኋላ ረድፍ ዳር ላይ የቆመውን ልጅ እጅጌ ሳበ።

«ጫማህን አውልቅ» አለው በጆሮው። «መዝፈንህን አታቁም። በጣትህ እየረገጥክ ውጣ። ከጎንህ ላለችው ንገራት።»

«አስተማሪው ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ልጁ ፊቱን አየው። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ጎኑ ያለችው። ከዚያ የሚቀጥለው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አፋቸው ዜማውን ሳይለቅ፣ አንድ በአንድ በበሩ እያለፉ ደረጃውን ወረዱ፤ ደረጃው ላይም ሆነው ይዘፍናሉ። ድምፁ ከግድግዳው በስተጀርባ እየራቀ ሲሄድ ተመልካቹ ውስጥ ሹክሹክታ ዞረ። «እንዴት ያለ ነገር ነው የፈጠሩት!» አለ አንዱ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። አስተማሪው መድረኩ ላይ ግራ ተጋብቶ እጁን ሊያወርድ ሲል ጋሼ ሻኩራ ከሰገነቱ በር ላይ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ለመነው። አስተማሪው አየው። ምን እንዳየ እንጃ፣ እጁን አላወረደም፤ ምቱን ቀስ አደረገው፣ እንደገናም ቀስ።

ከታች ጩኸት ተነሳ። አናጢው አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ተሸክሞ የክብር እንግዶቹ መሐል እንደተደናቀፈ ሰው ተዘርግቷል።

«ምን ዓይነቱ ሰካራም ነው!» አለ ዲኑ። ጥቁር ሱሪው እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኗል።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ፤ ወደዚያ፣ ወደ መሐል ይለፉልኝ፣ ቀለሙ አይለቅም፣ እመቤቴ እርስዎም ቀሚስዎን፣ ሁላችሁም ተነሱ!» እያለ አናጢው እየተነሳም እየወደቀም የቀረውን ወንበር ሁሉ ቀባው፤ ከሰገነቱ ሥር አንድም ሰው አልቀረም።

ሰገነቱ ላይ አሥር ቀሩ። ስድስት። ሁለት። ከእግሮቻቸው ሥር ያ እምምታ ነበር፤ አሁን ዜማውን አልጠበቀም፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

አንዷ ቀረች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ አጥሩን ይዛ፣ ዓይኗ አስተማሪው ላይ ነው። ጓደኞቿ ከኋላዋ የወጡት ለአምስተኛው ዜማ መስሏት ይሁን፣ ወይ ያለ እሷ የተመከረ ምክር አለ ብላ ይሁን፣ አራተኛው እንዳለቀ ብቻዋን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የመጨረሻውን ዜማ አነሳችው። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ሲውጥ ያስፈራል። መጨረሻው ላይ ሦስቱ ምቶች አሉ። አባቷ በእያንዳንዱ ስንኝ ወደዚያ እየቀረበች እንደሆነ ያውቃል፤ ቤቱ ውስጥ መቶ ጊዜ ሰምቶታል።

ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቢጨምር ክብደት መጨመር ነው። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ሚጣ» አለ።

ትከሻዋ ቆጣ አለ። ሕዝብ ፊት!

«ሚጣ። እናቴ። ጫማሽን አውልቂና ነይ።»

ዞር ብላ አየችው። ወገቡ ላይ ቁልፎቹ አልነበሩም። ያን ያየች ጊዜ ነው፣ በኋላ እንደተናገረችው፣ የገባት። ዜማውን ሳትለቅ ጫማዋን በእግሯ ጫፍ አወለቀች፤ እዚያው ተወችው። አንድ እርምጃ መጣች። ሁለት። ወለሉ ወደ ኋላዋ እንደ ጀልባ ዘንበል አለ። ሦስተኛውን ስትረግጥ አባቷ አንጓዋን ይዞ በበሩ ጎተታት።

ድምፅዋ ተቋረጠ። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ በእግሩም መሬቱን መታ። እንዲህ ያለ ፍጻሜ አይተው አያውቁም፣ ሰገነቱ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ የሚቀርበት።

«አታጨብጭቡ» አለ ጋሼ ሻኩራ፣ ማንም ባይሰማውም። «በናታችሁ፣ አታጨብጭቡ።»

ልጁን አቅፎ ደረጃውን ሊወርድ ሲዞር ግድግዳው ፊቱ ነበር። የላይኛው ወረቀት፣ በሻይ ያረጀው፣ ዓይኑ እያየ ከመሐል ለሁለት ተለየ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ከዚያ መሐለኛው።

ሦስተኛውን ለማየት አልቆመም።